ግማሽ ክዳን

ወንድሜ ኬኦላ ይህን ታሪክ ሲያወራ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከጭሱ ነው። ጭሱ ያስቃል። ሰው ቢራውን ይዞ ይጠጋል፣ ሴቶቹ ከወጥ ቤት ብቅ ይላሉ፣ እሱም ሆዱን እያሻሸ፣ «ይሄን ዝም ብሎ የሚበላውን ሰውዬ ታዩታላችሁ?» ይላል፤ ጣቱ እኔ ላይ ነው። «ስሜ በዓለም እንዳይጠራ ያደረገው እሱ ነው!» ከዚያ ሳቅ ነው። ያን ሳቅ ከአርባ ዓመት በላይ ሰምቼዋለሁ። ትምህርቴ ትንሽ ነው፣ ከስሜና ከፊርማዬ በቀር ብዙ ነገር ጽፌ አላውቅም። ግን እሱ ከጭሱ ሲጀምር ማንም ለምን ካላለው፣ እኔ ከጣሳው ብጀምር ማን ይከለክለኛል?

ያደግነው ማካሃ ነው፣ ከመንገዱ ወዲህ፣ ባሕሩ ሲቆጣ ሳህኖች መደርደሪያቸው ላይ የሚንቀጫቀጩበት ቤት። እኛ ሃዋይ ውስጥ ክረምት የምንለው ማዕበሉን ነው፤ ሙቀቱማ ያው ነው። የክረምቱ ትልልቅ ማዕበል የሚነሣው ድንጋዩ ባሕር ውስጥ ገብቶ በሚያልቅበት ቦታ ነው፣ «ጫፉ» እንለዋለን። አባቴ ማዕበል የሚጋልብበትን ሰሌዳ ይዞ አንድ ጠዋት ጫፉ ላይ ወጣ። ሰሌዳው ብቻውን ተመለሰ። እናቴ ሰሌዳውን በመጋዝ ቆራርጣ ለዶሮዎቹ ቤት ወለል አደረገችው። ዶሮዎቹ ሁለት ክረምት ሙሉ ተራመዱበት።

ኬኦላ ያን ጊዜ ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር፣ እኔ ዘጠኝ። ከጓሮ ባለው የቆርቆሮ ጋራዥ ውስጥ ፎም ከሚሉት እንደ አረፋ ከቀለለ ነገር ሰሌዳ ይቀርጽ ጀመር። ረዥም፣ ቀጭን፣ መሐል ለመሐል የእንጨት መሥመር የገባባት፣ ጫፏ እንደ ጦር የሾለ። እንደዚህ ያለ ሰሌዳ ለትንሽ ማዕበል አይሆንም፤ የሚሠራው ለጫፉ ብቻ ነው። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ እናቴም ታውቃለች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሊጥ እያቦካች፣ «ሌላ ቦታ መጋለብ አይበቃህም?» አለችው።

«አንቺ ከባሕሩ ጋር ያለሽን ጠብ በእኔ ላይ አትወጪው!» ብሎ ጮኸባት። እንደዚያ ሲጮህባት ሰምቼ አላውቅም። ዶሮዎቹ ራሳቸው ጸጥ አሉ። እሷ ሊጧን ገለበጠች፣ መታችው፣ ደግማ ገለበጠች። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ሰሌዳው አንድም ቃል አልተናገረችም። እኔ ተስማማች ብዬ ነበር።

የእናቴ ታላቅ ወንድም አጎቴ ማኖኤል ወደብ ላይ ጀልባ ይጠግናል። ሰሌዳው ላይ ፈስሶ የሚጠነክረውን ሬዚን በጣሳ፣ እሱን የሚያደርቀውን ማድረቂያ በጠርሙስ ያመጣልን እሱ ነው። ሲያመጣ እናቴ አስቀመጠችው፣ የባቄላ ሾርባ ቀዳችለትና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። እናቴ ሰው ሲበላ መቀመጥ አታውቅም።

«ማኖኤል፣ ይሄ ነገር ሰው አይጎዳም?»

«ሬዚኑ? ማር በዪው። ዝም ካልሽው ዝም ይልሻል። ክፉው ማድረቂያው ነው። ውኃ ይመስላል፤ ዓይንሽ ውስጥ ከገባ ግን ዓይንሽን ደህና ሁን በዪው።»

«ሳይለካ ቢቀርስ?»

«ካነሰ አይደርቅም። ዝንብ የሚይዝ ሰሌዳ ይሆናል።»

«ከበዛስ?»

«ከበዛማ!» አጎቴ ማንኪያውን አስቀመጠ፤ ስለ ሥራው ሲጠይቁት ደስ ይለዋል። «ከበዛ እጅሽ ላይ ይፈላል። ይጨሳል። ፎሙን ያበስለዋል፣ ጨርቁን ያጨማድደዋል። ለዶሮሽ ወለል እንኳ አይሆንሽም!» ብቻውን ሳቀ።

«ምን ያህል ሲሆን ነው በዛ የሚባለው?»

«ምነው ዴልፊና፣ ወደቡ ላይ ልትቀጠሪ ነው እንዴ?»

«ልጆቼ የሚነኩትን ባውቅ ምናለ?» አለችና ሾርባ ጨመረችለት።

እኔ ከጠረጴዛው ጫፍ ባቄላ እየለቀምኩ እሰማለሁ። ልቤ በደስታ ዘለለ። እሷም ከእኛ ጋር ሆነች፣ እሷም ልትማር ነው አልኩ።

ሰሌዳ ጨርቅና ሬዚን ሲለብስ ሁለት ሰው ጨርቁን ይይዛል፤ ጨርቁ ከመስታወት ክር የተሠራ ነው፣ ካልተወጠረ ይኮማተራል። ስለዚህ የሚደባልቅ ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል። ጓደኞቹ የየራሳቸውን ሰሌዳ ያዘጋጁ ስለነበር ኬኦላ እኔን መረጠኝ። በሕይወቴ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ተመርጬ አላውቅም። በአሮጌ ጣሳ ውስጥ የባሕር ውኃ ሞልቶ ማድረቂያውን በጠርሙሱ ክዳን መለካት አሠለጠነኝ።

«ደመና ሲሆን?»

«ሙሉ ክዳን!»

«ፀሐይ ሲሆን?»

«ግማሽ!»

«ጠርሙሱስ?»

«ከተራራው ወደ ባሕሩ!»

ይህ የቤታችን ሕግ ነው፣ ከአባቴ የመጣ። ማድረቂያው ቀለም የለውም፤ ሬዚን ውስጥ ከገባ አይታይም። ጨመርኩ ወይስ አልጨመርኩም ብሎ የተጠራጠረ ሰው ይደግማል፣ ከደገመ ያበላሻል። ስለዚህ ጠርሙሱ የሚቀመጠው በተራራው በኩል ባለው መደርደሪያ ነው፤ ከተጨመረ በኋላ በባሕሩ በኩል ወዳለው ይዛወራል። ባሕሩ ጋ ካለ፣ ነገሩ አልቋል፣ ማንም አይንካው።

ሬዲዮው ትልቁ ማዕበል ከሰሜን እየመጣ ነው፣ ነገ ጠዋት ይደርሳል ሲል፣ ኬኦላ ዛሬውኑ ካላለበስናት አበቃ አለ። የዚያን ቀን ማለዳ እናቴን ከሙዙ ተክል ሥር አየኋት። የማርያም ቅርጽ ያላት ፕላስቲክ ጠርሙስ ነበረቻት፣ ሰማያዊው ዘውድ ክዳኗ ነው፤ ጠበል የምታስቀምጠው በሷ ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ ግን ጠርሙሷ ግድግዳው ላይ ካለው ቅዱስ ምስል ሥር ሳትነካ ተቀምጣ ነበር። እናቴ ጠበሉን ሙዙ ሥር ወደ አፈሩ አንቆረቆረችው፤ ጠበል መሬት ላይ እንጂ ሌላ ቦታ አይደፋም። አሮጌውን ደፍታ አዲስ ልትቀዳ ነው አልኩ። ትንሽ ቆይታ ማርያሟን በፎጣ ጠቅልላ ተመለሰች።

የመጣችው ከጋራዡ በኩል ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በዚያ በኩል አይደለም። ይህን ለማሰብ ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፣ እና አልነግራችሁም።

ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ኬኦላ፣ አጎቴ ማኖኤልና እኔ ጀመርን። ባሕሩ ከቀትር ጀምሮ ድምፁን ቀይሯል። ሲሰበር ይሰማል፣ ከዚያ ረዥም ዝምታ፣ ከዚያ መሬቱ ከእግራችን ሥር በቀስታ ድም ይላል። ድም ባለ ቁጥር ኬኦላ ቀና ይላል። ቆርቆሮው ይግላል፣ ላቡ ሰሌዳዋ ላይ እንዳይንጠባጠብ ግንባሩን በጨርቅ አስሯል። ነጩ ጨርቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተዘርግቶላት፣ ሰሌዳዋ የተገነዘች ትመስል ነበር። ይህን ያልኩት አሁን ነው። ያን ጊዜ ሙሽራ ነበረች።

«ደባልቅ!» አለ ኬኦላ።

ክዳኑን በሁለት ጣቶቼ ያዝኩ። ክርኔን ጎኔ ላይ ጫንኩ። ግማሽ። ግማሹን ወደ ዓይኔ አቅርቤ አየሁት፣ ግማሽ ነው። ጨመርኩት። አማሰልኩ፣ ከሥር ወደ ላይ፣ አረፋ እንዳይገባ ቀስ ብዬ። ጠርሙሱን ከተራራው መደርደሪያ አንሥቼ ወደ ባሕሩ አዛወርኩ። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ አዛውሬዋለሁ።

ያኔ ነፋስ ገባና የጨርቁን ጫፍ ጭራዋ ጋ ገለበጠው።

«ፒሊፖ! ጭራዋን ያዝ! ቶሎ!»

ጣሳውን በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ትቼ ሮጥኩ። ጨርቁን በመዳፌ ተጫንኩት። ኬኦላና አጎቴ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው፣ ጎንበስ ብለው ጠርዙን እያለሰለሱ ይነታረካሉ።

«ወደዚህ ሳብ አልኩህ እኮ!»

«የት ነው ወደዚህ? ወደዚህህ ወዴት ነው አጎቴ?»

በሩን የማየው እኔ ብቻ ነበርኩ። እናቴ ገባች። ባዶ እግሯን ነበረች። አየችኝና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ከዚያ አማተበች፣ ሰማያዊውን ዘውድ ፈታች፣ ማርያሟን ጣሳው ላይ ዘቀዘቀቻት። እስከ መጨረሻው። እኔ ባስቀመጥኩት እንጨት አማሰለችው፣ እኔ እንደማማስለው፣ ከሥር ወደ ላይ። ጣቷ እንደገና ከንፈሯ ላይ፤ ወጣች።

እንባዬ መጣ፣ ከደስታ። ያን ሁሉ ጊዜ ዝም ያለችው ለካ ለዚህ ነው፣ ሰሌዳውን በጠበል ልትባርክለት ነው አልኩ። አሁን ኬኦላን ምንም አይነካውም።

«አምጣ!» አለ ኬኦላ። ጣሳውን አመጣሁ። እጄ ላይ ሞቅ ብሎ ነበር። የፀሐይዋ ነው አልኩ።

ኬኦላ ሬዚኑን በሰሌዳዋ መሐል ለመሐል ከጫፍ እስከ ጫፍ አፈሰሰና የተረፈውን ከነጣሳው አስቀመጠ። በላስቲክ መጥረጊያው መግፋት ጀመረ። ጨርቁ ነጭነቱ ጠፍቶ እንደ ውኃ ጠራ፣ ከሥሩ ያለው የእንጨት መሥመር ወጣ። በጣም ታምር ነበር። አንዴ ገፋ፣ ሁለቴ ገፋ። ከዚያ መጥረጊያው ያዘው።

«ምንድን ነው?» አለ አጎቴ።

«እኔ እንጃ... ይጎተታል።»

«ቶሎ በል!»

«ይጎተታል እያልኩህ!»

ሬዚኑ እንደ ቀዘቀዘ ሙቅ ረጋ፤ መጥረጊያው ሲሄድ ጨርቁ አብሮት ሄደ፣ እንደ ቆዳ ተጨማደደ። ከዚያ ሸተተኝ። ጣሳው ያጨስ ነበር፣ መጀመሪያ ቀጭን፣ ቀጥሎ ነጭ፣ ወፍራም፣ ዓይን የሚያቃጥል። አጎቴ ማኖኤል ጣሳውን አፈፍ አደረገና «ኧረ እናቴ!» ብሎ ጮኸ፣ እጁ ተቃጥሎ፣ በበሩ ወረወረው። ሣሩ ጨሰ። ዶሮዎቹ አጥሩን ዘለሉ። ሰሌዳዋ ብቻዋን ጠሽ፣ ጠሽ እያለች ትሰነጠቃለች፤ ፎሙ ከሥር ቡናማ ሆነ። ኬኦላ መጥረጊያው ከሰሌዳዋ ተጣብቆበት እጀታውን እንደያዘ ቆሟል። ባሕሩ ድም አለ። ቀና አላለም።

አጎቴ ጠርሙሱን አንሥቶ ወደ ብርሃን አደረገው። «ማታ እስከ አንገቱ አልነበረም? ከግማሽ በታች ወርዷል!»

ኬኦላ ወደ እኔ ዞረ። «ስንት ጨመርክ?»

«ግማሽ።»

«ግማሽ ምን? ግማሽ ጠርሙስ?»

«ግማሽ ክዳን! አዛውሬዋለሁ እኮ፣ ያውልህ ባሕሩ ጋ ነበር...»

ጥፊው ከግድግዳው ጋር አጋጨኝ። ጆሮዬ ሲጮህ በሩ ላይ እናቴን አየኋት፣ ፎጣ ይዛለች። አየኋት፣ አየችኝ። ጠበሉ ነው ያበላሸው፣ አልኩ በልቤ። ውኃ ገብቶበት ነው። ብናገር ኬኦላ እንደዚያን ቀን ይጮህባታል፣ ምናልባትም እንደኔ ይመታታል። አፌን ዘጋሁ።

«ተወው፣ ልጅ ነው» አለች እናቴ። «ለመሆኑ ለልጅ እንዲህ ያለ ነገር ማን ይሰጣል?»

የተከራከረችልኝ መሰለኝ። እውነቴን ነው፣ በዚያ ቃል ኮርቼ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ማዕበሉ ደረሰ። ሳህኖቹ ሁሉ ይንቀጫቀጩ ነበር። ከኬኦላ ጓደኞች ሦስቱ ጫፉ ላይ ወጡ። ሦስቱም ተመለሱ። አንዱ አፍንጫው ደምቶ ይስቃል፤ ሰው መኪናውን መንገድ ላይ እያቆመ ያጨበጭብላቸዋል። ኬኦላ አሸዋው ላይ ተቀምጦ ነበር። ውኃ ሳይነካው ከሰል መስሎ ተመለሰ፣ በአጠገቤ ሲያልፍም፣ «ጭሱ» አለኝ። እነሆ እስከ ዛሬ ጭሱ ነኝ። በትምህርት ቤት ጭሱ፣ በሴቶች ፊት ጭሱ። አጎቴ ማኖኤል ሠራተኛ ሲፈልግ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ቀጥሮ እኔን፣ «አንተንማ ጀልባው ይፈራሃል» አለኝ።

የዚያን ቀን እናቴ ማላሳዳ የምንለውን ስኳር የተነሰነሰበት ሊጥ ጠበሰችልን። የቀኝ እጇ ጣቶች ጫፋቸው ነጥቶ ተልጦ ነበር። «ዘይት ፈናጠረብኝ» አለች። ከደጅ እሬት ቆርጬ አመጣሁላትና ቀባኋት።

በስተኋላ ሌላ ወደብ ላይ፣ የማያውቁኝ ሰዎች ዘንድ፣ የጀልባ ሆድ የመፋቅ ሥራ አገኘሁ። የመስታወት ብናኝ አንገቴን እያሳከከኝ ስንት ዓመት ፋቅሁ። አንድ ከሰዓት ዝናብ መጣና የተደባለቀ ሬዚን ውስጥ ገባ። ሰዎቹ ሮጡ፣ እኔ ግን ጭሱን እየጠበቅሁ ጣሳው አጠገብ ቆምኩ። ሬዚኑ ነጣ። እንደተበላሸ ወተት ሆነ። እስከ ማታ ድረስ ለስላሳ እንደሆነ ቀረ፣ በማግስቱም እንደዚያው።

«ምን ትጠብቃለህ አንተ?» አለኝ አለቃው።

«ሲጨስ።»

«ውኃ? ውኃ ሬዚን ሲያጨስ የት አየህ?»

መፋቂያውን አስቀመጥኩ። ሙዙ ሥር የፈሰሰው ጠበል፣ ከጋራዡ በኩል የመጣው ፎጣ፣ የጎደለው ጠርሙስ፣ የተላጡት ጣቶች፣ ሁሉም አንድ ላይ መጥተው ፊቴ ቆሙ። እሬት የቀባሁትን እጅ አሰብኩ።

ቶሎ አልጠየቅኋትም። ቂም መያዝ ለምዶብኛል፣ ይዤው ቆየሁ። የጠየቅኋት አምና ነው። በረንዳው ላይ ተቀምጣለች፣ ዓይኗ ጠፍቷል፣ ባሕሩን በጆሮዋ ነው የምታየው።

«ማማ፣ ያን ቀን ማርያሟ ውስጥ ምን ነበር?»

የትኛው ቀን አላለችም። «አንተ ምን መስሎህ ነበር?»

«ጠበል።»

ሳቀች። እስኪያስላት ሳቀች፣ ጀርባዋን መታሁላት። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። «አባትህ የወጣ ጠዋት ጠበል ቀብቼው ነበር» አለች። «ግንባሩን፣ እጁን፣ ሰሌዳውን ሳይቀር። ከዚያ ወዲያ በጠበል የምልከው ሰው አልነበረኝም።»

«እኔስ? እኔን ሲመታኝስ?»

«ጥፊ ያልፋል ብዬ ነው።»

«አላለፈም።»

ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች። ባሕሩ ጸጥ ያለ ቀን ነበር፣ የሚረዳት ድምፅ እንኳ አልነበረም። «ይጠላኝ ይሆናል» አለች። «ያን ጊዜ ቢያውቅ ቤቱን ጥሎ ይሄዳል፣ ሌላ ሰሌዳ ይሠራል ብዬ ነበር። አሁን ግን... እሺ። እነግረዋለሁ። ሰው በተሰበሰበበት፣ በልደቴ ቀን።»

እኔ አልለመንኳትም። እሷ ናት ያለችው።

በልደቷ ቀን ግቢው ሞላ። አሳማው በቅጠል ተጠቅልሎ ተቀብሮ ከበሰለበት ጉድጓድ ወጥቶ በቅጠሉ እንዳለ ይጨሳል። ኬኦላ ጭሱን ሲያይ መቼም አያልፈውም፤ ቢራውን ይዞ ተነሣ። «ይሄን ዝም ብሎ የሚበላውን ሰውዬ ታዩታላችሁ?» ልጆቹ፣ የልጅ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ቃሉን እያወቁት አብረውት አሉት። ጣሳው፣ ጥፊው፣ ዶሮዎቹ። «ጓደኞቼ ሦስቱም ተጨበጨበላቸው! እኔስ? እኔ ጭስ ለብሼ ቀረሁ! እስቲ ዛሬ በማማ ፊት ንገረን፣ ስንት ክዳን ነበር ጭሱ?»

ሳህኔን አስቀመጥኩ። ወደ እናቴ አየሁ። እሷም እጇን አነሣች። እናቴ እንግዲህ ብዙ አትናገርም፣ ስለዚህ ሁሉም ጸጥ አለ።

«ኬኦላ» አለች።

«አቤት ማማ።»

አፏን ከፈተች። ፊቷን ወደ ድምፁ አዙራ ነበር፣ ስድሳ ዓመት ወዳለፈው፣ ሆዱ ወደ ገፋው፣ ትንሿን የልጅ ልጁን በአንድ ክንዱ ወደ ታቀፈው ሰውዬ። ልጅቷ ጆሮውን እየጎተተች ትስቃለች። እናቴ ያን ሳቅ ስታዳምጥ አየኋት። ከንፈሯ ሁለት ጊዜ ተንቀሳቀሰ።

«ለወንድምህ ሥጋ ጨምርለት» አለች። «ከደህናው በኩል።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ኬኦላ ራሱ ተነሣና ከአሳማው ትከሻ በኩል ለስላሳውን ቆርሶ ሳህኔ ላይ ከመረው። «ብላ ጭሱ፣ ዛሬስ አላቃጠልከውም» አለና ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

እናቴ አንገቷን ወደ እኔ አዘንብላ ትጠብቃለች። ማኘክ አለማኘኬን እያዳመጠች እንደሆነ ገባኝ። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አላደረገችም፤ አላስፈለጋትም። ሥጋውን አነሣሁና በላሁ።